የማን ጉሮሮ ይድረቅ?

ጥፊው በድምፅ ማጉያ ነው የተሰማው። ዘፋኙ ኑረዳይም ሲራጅ ማይክሮፎኑን በግራ እጁ እንደያዘ በቀኙ የእህቴን ልጅ የሂባን ፊት ሲመታ፣ ድምፁ ኦምዱርማን ወንዝ ዳር ካለው የሰርግ አዳራሽ አልፎ ውጭ እስከቆሙት ሾፌሮች ድረስ ደረሰ። ግራ የገባት አንዲት ሴት እልል አለች። ከበሮ መቺው አንድ ምት ሳተና ቀጠለ። ሰውም ጭፈራውን ቀጠለ።

እኔ ከመድረኩ ብዙም ሳልርቅ ተቀምጬ ነበር። በቱል እባላለሁ፤ ጡረታ የወጣሁ አዋላጅ ነኝ። ግማሹን ሰፈር በእነዚህ እጆቼ ተቀብያለሁ፤ እየዘፈነ የተወለደ አንድም አላጋጠመኝም፣ ሁሉም እያለቀሰ ነው የመጣው። ይህን የምናገረው ታዋቂ ሰው ሲያዩ ጉልበታቸው ለሚከዳቸው ነው። ተነስቼ «አንተ ባለጌ!» ብዬ ጮህኩ። ኦርጋኑ ጩኸቴን ዋጠው።

የሂባ ጥፋት ምን ነበር? ሂባ በኑረዳይም ባንድ ውስጥ ቫዮሊን ትጫወታለች። በዘፈኑ መሐል የሙሽራው አጎት መድረክ ላይ ወጥተው፣ ደስ ያለው ወንድ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ከዘፋኙ ራስ በላይ ጣታቸውን ያጮሁ ጀመር። ኑረዳይም ከእሳቸው ጋር ሲሳሳቅ ቆይቶ ሲመለስ አንድ ሙሉ ስንኝ ዘለለ። ሂባ ደግሞ በልምምድ ጊዜ እንደተባባሉት መጫወቷን ቀጠለች። ዘፋኙና ቫዮሊኑ ለየቅል ሄዱ፤ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሰዎች ሳቁ። ይኸው ነው ጥፋቷ።

አላለቀሰችም። የወደቀውን የቫዮሊን መምቻ አነሳች፣ ቫዮሊኑን ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠች። ሙዚቀኞች በሚወጡበት በጓሮ በር ግን አልወጣችም። ከመድረኩ ወርዳ በጨፋሪዎቹ መሐል ሰንጥቃ አለፈች፤ ሰዎቹም የሻይ ትሪ ለያዘ አስተናጋጅ እንደሚደረገው ትንሽ ገለል እያሉ አሳለፏት። እኔ ነጠላ ጫማዬን እየጎተትኩ ተከተልኳት።

በማግስቱ ቪዲዮው ሰፈሩን አዳረሰው። አንዱ «እየቀለደ እኮ ነው» ይላል። ሌላው «አርቲስት ስሜታዊ ነው» ይላል። አንዷ ደግሞ፣ ያውም ሴት ሆና፣ «ምን ብላው ይሆን?» ትላለች። ሂባ እናቷ ከሞተች ጀምሮ እኔ ጋ ነው የምትኖረው። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም አነበበችና ስልኩን ዘጋችው።

«አክስቴ፣ ይሄ ሁሉ ሰው አይቷል። ታዲያ ማነው የሚጠይቀው?»

«ሄደን እንጠይቃለና።»

«ማንን?»

«ሁሉንም። ተነሽ፣ ልበሺ።»

የአዳራሹ ባለቤት «እኔ የማከራየው ወንበርና መብራት ነው፤ የሰው እጅ አላከራይም» አለን። የሙሽራው አባት «በልጄ ሰርግ ላይ ጠብ ነበር እንዲባል ነው የምትፈልጉት?» ብለው ተቆጡ፤ ችግሩ ጥፊው ሳይሆን ወሬው ነበርና። የሙዚቀኞቹ ማኅበር ጸሐፊ በጣም አዘነልን። አዝኖ አዝኖ ሲያበቃ፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀን። እንዴት አናውቅ? ፎቶው ከጀርባው ተሰቅሎ ይስቅብናል። ኑረዳይም ነው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይህ ነው።

ፖሊስ ጣቢያ የተቀበለን ወጣት መኮንን ወንበር ሰጠን፣ ደግ ልጅ ነው። ግን ብዕሩን አላነሳም። «እስቲ መጀመሪያ በቤተሰብ ሞክሩት። እሱ እኮ የአገር ሀብት ነው» እያለ ሲያባብለን ስልኩ ጮኸ። የስልኩ ጥሪ የኑረዳይም ዘፈን ነበር። ልጁ አፍሮ ሊያጠፋው ሲጣደፍ ሂባ «ቆይ፣ አታጥፋው» አለችው።

«ምን ሆንሽ?»

«ይሄ መግቢያው ላይ የሚሰማህ ቫዮሊን የኔ ነው። እኔ ነኝ የምጫወተው።»

መኮንኑ ስልኩን አየ፣ ያበጠ ጉንጯን አየ። ብዕሩን አንስቶ ክሱን መዘገበ።

ክሱ መመዝገቡ የተሰማ ለት የባንዱ አስተባባሪ ደወለ። ክሱ ካልተነሳ ወንበሯ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ነገራት። ሌሎቹ ባንዶችም፣ ቀድሞ «ኑረዳይምን ትተሽ ነይልን» ሲሏት የነበሩት ሁሉ፣ ስልኳን ማንሳት ተዉ። ነገሩ ቁልጭ ያለ ነበር፤ ዝም ካለች ትጫወታለች፣ ዝም ካላለች በዚህ ከተማ መድረክ ላይ የሚያወጣት የለም። ሂባ ገና ሕፃን እያለች፣ ሟች አባቷ ቫዮሊኑን አገጯ ሥር ካስቀመጠላት ጊዜ ጀምሮ ሌላ ሥራ አታውቅም። እኔ ራሴ አንድ ሌሊት ሙሉ ሳስብ አድሬ ጠዋት «ልጄ፣ ብትተዪውስ?» ብያታለሁ። «አንቺም አክስቴ?» ስትለኝ አፍሬ ሻይ ላፈላ ተነሳሁ።

እሑድ ከሰዓት፣ ከአሱር ሶላት በኋላ ሽማግሌዎች መጡ። አምስት ናቸው። መሪያቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ አጎቴ የሚላቸው፣ አጎቴ ቲጃኒ ነበሩ፤ የደም ጠብ ያስታረቁ፣ ከሄዱበት ቤት እሺ ሳይባሉ ወጥተው የማያውቁ ሰው። ከኋላቸው ወንድሜ በክሪ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ገባ። ያን ጊዜ አንድ ነገር እንዳለ ገባኝ።

በረዶ የተጨመረበት ውሃና ቀይ የከርከዴ መጠጥ አቀረብኩ። ማንም አልነካውም። ለእርቅ የመጣ ሽማግሌ እሺ ካልተባለ አይጠጣም፤ ቤቱም እንግዳ አስጠምቶ ከመመለስ እርቁን መቀበል ይቀለዋል። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው። ሙቀቱ ደግሞ ድንጋይ ያቀልጣል፤ የሽማግሌዎቹ ላብ በጺማቸው ላይ ይወርዳል።

«በቱል፣ ውሃሽ ያስጎመጃል» አሉ አጎቴ ቲጃኒ።

«ታዲያ ይጠጡታ! መርዝ አላደረግሁበትም።»

«እሱማ በአንቺው እጅ ነው ያለው። ነገሩ እንኳ አልቋል። አርብ ከጁሙዓ በኋላ ከወንድምሽ ጋር ተስማምተን የእርቁን ማሰሪያ ጸሎት፣ ፋቲሓ ቀርተናል። ልጅቷ ጣቢያ ሄዳ ክሱን ታነሳለች፣ ኑረዳይምም ወንበሯን ይመልስላታል። የቀረው ይኸው ነው።»

ወደ በክሪ ዞርኩ። «አንተ! በማን ጉንጭ ነው ይቅር ያልከው?»

«ምን ላድርግ በቱል? ትልልቅ ሰዎች ሱቄ ድረስ መጥተው… ምን ልበል? በሩን ፊታቸው ላይ ልዝጋ?»

«እሱን ብትዘጋ ይሻልህ ነበር!»

መጋረጃው ተገልጦ ሂባ ወጣች። ጉንጯ ላይ ያለው እብጠት ወደ ቢጫ ተለውጧል። ሁሉንም በየተራ ሰላም ብላ የአጎቴ ቲጃኒን እጅ ጨበጠችና አጠገባቸው ባለው በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«አጎቴ፣ የተመታው የአጎቴ የበክሪ ፊት ነው እንዴ?»

«አይደለም፣ ልጄ። ግን እሱ ትልቅሽ ነው። በአባትሽ ቦታ ያለ ሰው ነው።»

«በአባቴ ቦታ ቢሆንማ ሱቁ ውስጥ ይቅር ከማለቱ በፊት መጥቶ ያመኝ እንደሆነ ይጠይቀኝ ነበር።»

በክሪ አንገቱን ደፋ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ያው ደርቋል።

«እሺ፣ ምን እንዲደረግልሽ ትፈልጊያለሽ?» አሉ አጎቴ ቲጃኒ። «ሰውየው አንቺን ማክበር ነው ያቃተው። አሁን ግን ትልቅ ሰው ልኳል።»

«እኔን ማይክሮፎን ይዞ፣ በሰው ፊት ነው የመታኝ። እንደመታኝም ያለ ጥፋቴ እንደሆነም በማይክሮፎን፣ በሰው ፊት ይናገር። ይሄን ካደረገ ይቅር እላለሁ። ክሱ ግን ለዳኛ ነው፣ እሱን አላነሳም።»

«እንዲህ ያለ ነገር እሱን ማን ይጠይቀዋል? እሺም አይልሽ።»

«እኔን እንደጠየቃችሁኝ ጠይቁታ። እሱም ቤት ውሃ አለ።»

አጎቴ ቲጃኒ ፈገግ ሊሉ ቃጣቸውና ተዉት። «ልጄ፣ እኛ የምንሄደው ወደ ተበዳይ ነው። ሥርዓቱ እንዲያ ነው።»

«ሁልጊዜ የምትጠሙት በተበዳይ ቤት ነው ማለት ነው?»

በረዶው ቀልጦ ብርጭቆዎቹ በትሪው ላይ ላብ ሠሩ። ጥቂት ቆይተው ተነሱ፤ ሳይጠጡ ወጡ። እውነቱን ልናገር፣ ዓይኔ እያየ ከቤቴ እንግዳ ጠምቶት ሲወጣ ልጠራቸው ሁሉ አፌን ከፍቼ ነበር። ሂባ እጄን ያዘችኝ። አጎቴ ቲጃኒ ከሁሉም ኋላ ቀርተው ጀርባቸውን እንደሰጡን በሩ ላይ ቆሙ።

«ሐሙስ ኑረዳይም ቤቱ ሰው ይቀበላል» አሉ በመጨረሻ። «አብሬሽ እሄዳለሁ። የዚህን ያህል ዘመን ስጠማ፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ሐሙስ ሄድን። የኑረዳይም ግቢ ሰርግ በደገሱ አባቶችና ፎቶ በሚለምኑ ጎረምሶች ተሞልቷል። ከደጃፉ ጥላ ሥር የጠፍር አልጋ ላይ እናቱ ሐጃ ሲታና ተቀምጠዋል፤ ነጭ ቶብ ተከናንበው፣ እንግዳ የሚቀበሉት እሳቸው ናቸው። «ከቤቴ ጠምቶት የወጣ ሰው የለም» እያሉ የሚኮሩ ሴት እንደሆኑ አገር ያውቃል። ማን እንደሆንን እንኳ ሳይጠይቁ ውሃ አስመጡልን። አመሰገንን፣ ብርጭቆዎቹን መሬት አስቀመጥን።

ኑረዳይም ሽቶው ቀድሞት ወጣ። «ሂባ! የት ጠፋሽ? ያለ አንቺ ቫዮሊኑ የድመት ጩኸት ሆነብን!» ብሎ ሳቀ፤ በዙሪያው ያሉትም ሳቁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ይሄኛው ግን የረሳ መስሎ ለመታየት የሚጥር ነው።

«ኡስታዝ፣ የመጣሁበትን ያውቃሉ» አለችው ሂባ፤ ሙዚቀኞቹ ሁሉ የሚጠሩት እንዲያ ነው።

«በቃ፣ ወንበርሽ እንዳለ ነው። መምቻውን ራሴ አዲስ እገዛልሻለሁ። ሌላ ምን አለ?»

ሂባ በሽማግሌዎቹ ፊት ያለችውን እዚያው ደገመችው፤ ድምፅዋን ከፍም ዝቅም አላደረገችም። የኑረዳይም ፊት ተለዋወጠ።

«ስሚ፣ እኔን ሕዝቡ ነው የሠራኝ። የሚጠይቀኝም ሕዝቡ ነው። ሕዝቡ ደግሞ ይኸው!» ብሎ ግቢውን በእጁ አሳያት። «አንድ ሰው ትቶኝ ሄዷል? እስቲ ንገሪኝ!»

«ሕዝቡ ያየው ሲመቱኝ ነው። እርስዎ ሲናገሩ ገና አልሰማም።»

«አልናገርም!»

«እሺ» አለች ሂባ። አልተነሳችም። እኔም አልተነሳሁም። አጎቴ ቲጃኒ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተደላደሉ።

ፀሐይዋ ዞራ ጥላው እግራችን ላይ አለቀ። ደጋሾቹ ጨዋታ ቀነሱ፤ አንዳንዱ ብርጭቆዎቹን ያይና ፊቱን ያዞራል። ይህ ነገር ምን እንደሆነ ያልገባው ሱዳናዊ በዚያ ግቢ አልነበረም። ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቋል። ሐጃ ሲታና ሁለት ጊዜ «ጠጡ እንጂ ልጆቼ» አሉ። ሦስተኛውን ግን አላሉም፤ ልጃቸውን ተጣሩ።

«ኑረዳይም! ይህቺ ልጅ ውሃዬን የማትጠጣው ለምንድን ነው?»

«ትንሽ የሥራ ነገር ነው እናቴ። ሙዚቀኞቹ ተጣልተው…»

«አንተ ተወው፣ እሳቸው ይንገሩኝ» ብለው ወደ አጎቴ ቲጃኒ ዞሩ።

አጎቴ ቲጃኒ ዕድሜያቸውን ሙሉ ነገር ሲያለሳልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ያን ለት ግን አላለሳለሱም። «ልጅሽ በሰው ፊት በጥፊ መቷታል፣ ሐጃ። ያጠፋችው የለም። በሰው ፊት እንዲያምን ጠይቃው እምቢ አለ።»

ወሬው ሐጃ ሲታና ጋ የደረሰው «ሙዚቀኞች ተጣሉ» ተብሎ ነበር። የሂባን ጉንጭ ለማየት ጎንበስ አሉ፤ ከዚያ በእጃቸው የነበረውን የራሳቸውን ብርጭቆ ከእኛ ብርጭቆዎች ጎን መሬት አስቀመጡ።

«እሷ እስክትጠጣ እኔም አልጠጣም።»

«እናቴ! በዚህ ሙቀት? ስኳርሽስ? ሐኪሙ ምን ነበር ያለሽ?»

«ጉሮሮው የኔ ነው።»

«ከተናገርኩ እኮ ለዳኛው ምስክር ሰጠሁ ማለት ነው! ይፈርድብኛል!»

«እና ለዳኛው ልትዋሽ ነበር?»

አንድ ጎረምሳ ሳያስበው ሳቀና አፉን ያዘ። ኑረዳይም ግቢውን ዙሪያውን አየ። ሕዝቡ እዚያው ነበር፤ ግን ሁሉም የሚያየው እናትየውን ነበር። «እሺ! በቃ! ዛሬ ማታ ሰርግ አለኝ፣ እዚያ እናገራለሁ። አሁን ጠጪ፣ ሂባ።»

አጎቴ ቲጃኒ ለፋቲሓ እጃቸውን አነሱ። ሂባ አላነሳችም። «ሲናገሩ እጠጣለሁ» አለች። ለሐጃ ግን እንዲጠጡ ለመነቻቸው። እሳቸው እምቢ ብለው የሂባን ብርጭቆ አንስተው ተነሱ። «እኔም ሰርጉ እሄዳለሁ። መኪናውን አምጡ።»

እናም ሄድን፤ አጎቴ ቲጃኒ በደጋሾቹ መኪና ከኋላ ይከተሉናል። የከተማው ታላቅ ዘፋኝ ከፊት ወንበር አኩርፎ ተቀምጧል፤ እናቱ ከኋላ በእኔና በሂባ መሐል ሆነው ያንን ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ይዘዋል። መኪናው በነጠረ ቁጥር ውሃው ቶባቸው ላይ ይፈሳል። «ቀስ በል አንተ! ለልጅቷ ምን ልታስተርፍላት ነው?» እያሉ ሾፌሩን ይቆጡታል። ያን ቀን ከሳቅሁ፣ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው።

አዳራሹ ገና መሙላቱ ነበር። ሐጃ ሲታና ከፊት ወንበር ተሰጣቸው። ኑረዳይም መድረክ ላይ ወጣ፤ ጭብጨባው ጋብ ሲል ማይክሮፎኑን አነሳ።

«ባለፈው… በመድረክ ላይ በተፈጠረው ነገር ቅር የተሰኘ ካለ…»

«ምን ተፈጠረ?» አሉ ሐጃ ከተቀመጡበት። «ማን ፈጠረው? በደንብ ተናገር!»

ሰዎች ሳቁ። ኑረዳይም አልሳቀም። ዓይኖቹ የእናቱን እጅ፣ ብርጭቆውን፣ ሂባን አዩ። ሲናገር ድምፁ የዘፋኝ አልነበረም፤ እንደማንኛችንም ድምፅ ሻካራ ነበር።

«ሂባን በጥፊ መታኋት። ስንኙን የሳትኩት እኔ ነኝ። እሷ ትክክል ነበር የምትጫወተው። ሰው ሳቀብኝና መታኋት።»

ከዚያ አንድ ወፍራም ሰውዬ ከመሐል ተነስቶ «ይቅር ብለንሃል፣ ወንድማችን!» ብሎ ጮኸ፤ አጨበጨቡለትም። ሂባ ወደ ሰውየው ዞረች።

«እርስዎ ይቀመጡ» አለችው። «ገና አልጠጣሁም።»

ሰውየው ተቀመጠ። ሐጃ ብርጭቆውን ሰጧት፤ ግማሹ በመንገድ ፈስሷል፣ የቀረውም ሞቋል። ሂባ እስከ ታች ጠጣችው። ከዚያ አስተናጋጁ ለሐጃ ቀዝቃዛ ውሃ አመጣ፣ እኔም ሁለት ብርጭቆ በላይ በላዩ ገለበጥኩ። አጎቴ ቲጃኒ ፋቲሓውን መሩ፤ በዚህኛው የሂባም እጅ ተነስቶ ነበር። ኑረዳይም በመድረኩ ላይ ወዳለው ባዶ ወንበር አመለከታት። ራሷን በእምቢታ ነቀነቀችና ወጣን።

ከዚያ ወዲህ ያልተለወጠ ብዙ ነገር አለ። ባንዶቹ ስልኳን አያነሱም። ማኅበሩ ፎቶውን አላወረደም። «እናቱን ተጠቅማ አዋረደችው» የሚሏትም አሉ፤ ይበሉ። ሂባ ማለዳ ማለዳ ግቢያችን ውስጥ ትለማመዳለች፣ የፍርድ ቤቱም ቀጠሮ ደርሷል። ጠበቃው በመጀመሪያ የጠየቀን «ቪዲዮ ብቻውን አይበቃም፤ ምስክር አላችሁ?» ብሎ ነው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰምቷል። ከእኔ ከአክስቷ በቀር ለዳኛ እናገራለሁ ያለን ግን አንድም ሰው የለም፤ ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ትናንት አጎቴ ቲጃኒ ብቻቸውን መጡ። ክሱን አንሺ ሊሉ ነው ብዬ ሂባን በዓይኔ ፈለግኋት። ቢሆንም እንግዳ ነውና ውሃ አቀረብኩላቸው። እሳቸው ገና ሳይቀመጡ፣ በሩ ላይ ቆመው ብርጭቆውን ተቀበሉኝና ጠብታ ሳያስቀሩ ጠጡት።

«ድገሚኝ በቱል» አሉ። ሁለተኛውንም ጠጡ። አፋቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው ወደ ሂባ ዞሩ።

«ልጄ፣ ዛሬ የምለምንሽ ነገር የለም። ዳኛው ፊት የምንቀርበው በስንት ሰዓት ነው?»